ያጠብኩት ጠርሙስ

ጀርመን ውስጥ አንድ ላብራቶሪ በቴክኒሻንነት ስሠራ የገጠመኝ ነው። ከአይጥ አንጎል የወጡ የነርቭ ሴሎችን በሳህን እናሳድጋለን። ግማሹ ሳህን ላይ ነርቭ ብቻ ነው ያለው። በቀረው ላይ ማይክሮግሊያ እንጨምራለን። ማይክሮግሊያን የአንጎል ዘበኛም ጽዳት ሠራተኛም በሉት፤ የሞተውን ይበላል፣ ጀርም ከመጣ ይነሳል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሳህኖቹን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ ሳይ ክው አልኩ። ማይክሮግሊያ ያለበት ሳህን ላይ የነርቮቹ ክር እንደ መቁጠሪያ ጠጠር ጠጠር ሠርቷል። ሊበጠስ ነው። ነርቭ ብቻ ያለበት ግን ምንም አልሆነ። ማይክሮግሊያው ተበላሽቶ ነው ብዬ ሁሉንም ጣልኩና እንደገና ጀመርኩ። ያው ሆነ። የሳምንታት ልፋት ገደል ገባ።

አለቃችን መጥተው አዩና ሳህኑን ትተው የሴሎቹን ምግብ ስለምናስቀምጥበት ጠርሙስ ጠየቁ።

«ማን ነው ያጠበው?»

«እኔ። በእንፋሎት ጀርም በሚገድለው ማሽን፣ በአውቶክሌቭም አብስዬዋለሁ፤ 121 ዲግሪ።»

«ባክቴሪያውን ገድለኸዋል። ሬሳውን ግን እዚያው ትተኸዋል።»

ሬሳው ኢንዶቶክሲን ይባላል፤ የባክቴሪያ ግድግዳ ስባሪ ነው። አውቶክሌቭ አያጠፋውም። ነርቩ ራሱ ከቁብም አይቆጥረው። ማይክሮግሊያው ግን ጠላት መጣ ብሎ ይነሳና ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ፣ ቲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን፣ ሌላም ሌላም ይረጫል። የሚጎዳው ጎረቤቱ ነው።

ማይክሮግሊያ ግሊያ ከሚባሉት የአንጎል ሴሎች አንዱ ነው። ኮሌጅ ስንማር ግሊያ ማለት የነርቭ ደጋፊ ነው ተብሎ ታልፎ ነበር። ስሙም ሙጫ ማለት ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ፊርሾው በ1856 ከግሪክ ወስዶ ያወጣለት። ሙጫ ሰው ሲገድል ግን አላየሁም።

የተቆጣ ማይክሮግሊያ አልዛይመር በሚባለው የመርሳት በሽታም ይታያል፤ እዚያ ግን ጠርሙስ የለም። አሚሎይድ የሚባለው የፕሮቲን ጓል ግን ለዓመታት እዚያው ተቀምጦ ዘበኛውን ዕረፍት ይነሳዋል። ታዲያ ዘበኛውን ማስተኛት ነዋ! እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በ2013 ትሬም2 የተባለው ጂን ላይ ያለ አንድ ለውጥ ለአልዛይመር እንደሚያጋልጥ ታወቀ። አንጎል ውስጥ ይህን ጂን በዋናነት የሚጠቀመው ማይክሮግሊያ ነው፤ ለውጡ ደግሞ ሥራውን ያዳክምበታል። ዘበኛው ሲቆጣም ሲሰንፍም ጣጣ ነው።

በሦስተኛው ዙር ጠርሙሶቹን በፎይል ሸፍኜ 250 ዲግሪ ደረቅ ምድጃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ከተትኳቸው። ቀኑንና ስሜን ጻፍኩባቸው። በቀጠሮው ቀን ሳይ ነርቮቹ ክራቸውን ዘርግተዋል። ማይክሮግሊያውም መሃላቸው ቀጫጭን ቅርንጫፉን ዘርግቶ ጸጥ ብሏል።