ከፋብሪካው በር ማዶ ያለችው ሻይ ቤት

የካቲት፣ እሑድ ማታ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ዛሬ ከቀትር በኋላ የጎረቤታችን ልጅ አንድ ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍና መጣች። የአራተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ናት። ወረቀቱን ገና ሳትሰጠኝ አወቅሁት። «ተማሪያችን በመሥሪያ ቤታችሁ የተግባር ልምምድ እንድታደርግ ትብብራችሁን እንጠይቃለን» የሚል፣ ከታቹ ክብ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። እኔም በጊዜዬ ይህንኑ ደብዳቤ ይዤ ከከዚራ እስከ መልካ ጀብዱ ዞሬያለሁ።

«እትዬ፣ እናንተ ጋ ቦታ ካለ» አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጥላ ጨመረች፦ «ካልሆነም ማህተም የሚያደርጉልኝ ሰዎች አግኝቻለሁ። በየቀኑ መምጣት አይጠበቅብሽም ብለውኛል።»

ይህ የመጨረሻው ንግግሯ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። እናቷ አሸዋ ገበያ ልብስ እየነገዱ ነው የሚያስተምሯት። አራት ወር ሙሉ የታክሲና የምሳ ከፍሎ ያለ ደመወዝ መመላለስ ለእነርሱ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቤት ቀርቶ ማህተም ማግኘት ለእርሷ ስሌት ነው፤ ያውም የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከመጣ ወዲህ ተማሪው ልምምዱን ከጥናት የሚሰረቅ ጊዜ አድርጎ ማየት ጀምሯል። ስሌቱ ግን የተሳሳተ ነው፤ ለምን እንደሆነ ፊት ለፊቷ በወጉ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔም መጀመሪያ የገባሁት እንዲያው ያለ ቦታ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ቦታው ለቤታችን ቅርብ ነበር፣ ሰዎቹም ደጎች ነበሩ፤ ደብዳቤዬን ባቀረብኩበት ቀን ነው የተቀበሉኝ። በመስኮቱ ሥር አንድ ወንበር ተሰጠኝ። ወረቀት ኮፒ አደርጋለሁ፣ ፋይል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አደርሳለሁ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ኃላፊው የልምምድ መዝገቤን ተቀብሎ የወሩን ገጽ በሙሉ፣ ገና ያልደረስንባቸውን ቀኖች ጭምር፣ በአንድ ቁጭታ ፈረመልኝ። ውለታ የዋለልኝ መስሎት ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ሆዴ ባር ባር አለኝ። ያልኖርኩት ወር ተፈርሞ በእጄ ላይ ነበር።

በማግስቱ አብረውኝ የሚቀመጡትን ጸሐፊ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «ከእኔ በፊት እዚህ የተለማመዱት አሁን የት ናቸው?» የነበሩትን ለማስታወስ ሞከሩ። አንዲት ቀይ ልጅ ነበረች፤ አንድ ረጅም ልጅ ነበረ። ስማቸውን ግን አላስታወሱም። በየዓመቱ ተማሪ ገብቶ ይወጣል፤ በዚያ ቤት ውስጥ አንዱም አልቀረም። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም። ቤቱ አዲስ ሰው የሚያስፈልገው ቤት አልነበረም፤ ለነበሩትም በቂ ሥራ አልነበረውም።

ያን ጊዜ አያቴ ትዝ አሉኝ። አያቴ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ይህ ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ የብዙ ሰው ታሪክ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም በእርሱ ዙሪያ በቀለች። ለገሃር የምንለው ቃል ራሱ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን ከሚጠሩበት ስም የመጣ ነው። አያቴ ወደ ጥገናው ቤት ሲገቡ የያዙት የትብብር ደብዳቤ አልነበረም። የብረት ፍቅፋቂ ይጠርጉ፣ መፍቻ ያቀብሉ ነበር። ከአንድ አዛውንት ሠራተኛ ጎን ነበር የሚቆሙት። አዛውንቱ ጡረታ ሲወጡ ሥራውን በዓይናቸውም በእጃቸውም የሚያውቁት አያቴ ብቻ ስለነበሩ ቦታው የእርሳቸው ሆነ። «ወንበሩ ሊለቀቅ ከተቃረበ ሰው ጎን ቁሚ» ይሉኝ ነበር፤ ልጅ ስለነበርኩ የአውቶቡስ ወንበር ይመስለኝ ነበር።

የክፍላችንን አስተባባሪ ለምኜ ቦታ ለመቀየር አንድ ሳምንት ተሰጠኝ። በዚያ ሳምንት ያደረግሁትን ነው ዛሬ ለልጅቷ የነገርኋት፤ ሥራ ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ወደ ሰው ኃይል ቢሮ አልሄድሁም። መልካ ጀብዱ ወርጄ፣ ከአንድ ፋብሪካ በር ማዶ ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ቱታ የለበሰውን ሁሉ እየቀረብኩ ጠየቅሁ። በልምምድ ገብቶ እዚሁ የቀረ ሰው አለ? የትኛው ክፍል? ስንት ዓመት ሆነው?

የመጀመሪያው ፋብሪካ ሰዎች ተያዩና ሳቁ። ሁለተኛው በር ላይ ግን አንዱ ሳምቡሳ የያዘ እጁን አነሳ። «እኔ አለሁ።» ቀጥሎ ወደ ጎረቤቱ ጠቆመ፤ እርሱም እንዲሁ ነበር። አንዲት ሴትም ጥራት ክፍል ውስጥ ነበረች። ከሦስቱ ሁለቱ ጥገና ክፍል ነው የሠሩት። የክፍሉ ፎርማን ጡረታ ሊወጡ ዓመት ከመንፈቅ እንደቀራቸው፣ ከበታቻቸው ያለው ሰው ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ማመልከቻ ማስገባቱን የሰማሁትም በዚያችው ሻይ ቤት፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ነው። ይህን የሚነግር ማስታወቂያ የትም አይለጠፍም።

በማግስቱ ደብዳቤዬን «ለጥገና ክፍል» ብዬ አስገባሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። ያመለከትሁበትን ክፍል ለይቼ ማወቄ ራሱ ነገር አቀለለልኝ፤ ሰው ኃይል ሳይሆን ፎርማኑ ናቸው በር ድረስ መጥተው ያዩኝ።

በሦስተኛው ቀን የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ፎርማኑን ጋሼ ብለን ነበር የምንጠራቸው። ካቻቢቴ ከኪሳቸው አወጡ፤ እጀታው እንጨት ነው፣ ከብዙ እጅ የተነሳ ጠቁሮ አብረቅርቋል። ጫፉን በሞተሩ ላይ፣ ኩሽኔታው ባለበት ቦታ አሳረፉና እጀታውን ወደ እኔ አድርገው «ጆሮሽን ለጥፊበት» አሉኝ። መጀመሪያ የሰማሁት የፋብሪካውን ጩኸት ብቻ ነው። ቆይቶ ከጩኸቱ ሥር፣ ከእንጨቱ ውስጥ፣ የሩቅ ቀፎ የሚመስል አንድ ወጥ ድምፅ መጣ። ወደሚቀጥለው ሞተር ወሰዱኝ። እዚያኛው ሌላ ነው፤ ሰው አሸዋ የገባበትን ቆሎ ሲያኝክ የሚያሰማው ዓይነት፣ በየመሐሉ ቅርር የሚል። «ሲያዩት ደህና ነው» አሉኝ። «ሲነኩትም ገና አልሞቀም። ሲሰሙት ግን ግሪስ ጠምቶታል።»

ከማግስቱ ጀምሮ ማንም ሳያዘኝ ማለዳ ማለዳ 11 ሞተሮችን እየዞርሁ መስማት ጀመርሁ። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የሞተሩን ቁጥርና የሰማሁትን እጽፋለሁ። ሦስተኛው ወር ላይ ሰባተኛው ሞተር ድምፁን ለወጠ፤ ለጋሼ ነገርኋቸው። እሑድ ማሽኑ በሚያርፍበት ሰዓት ከፍተው አዩት። ኩሽኔታው ተሰንጥቆ ነበር። በሥራ ቀን ቢሆን ኖሮ መስመሩ በሙሉ ይቆም ነበር። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ደብተሬን ተቀብለው ቆመው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ «ይህን ደብተር ስትሄጂ ትተሽው ሂጂ» አሉኝ። ግልባጩን ለራሴ ጽፌ ትቼው ሄድሁ።

እዚህ ላይ ለልጅቷ የነገርኋትን እውነት እዚህም ልጻፈው። ልምምዱ ሲያልቅ አልቀጠሩኝም። ክፍት ቦታ አልነበረም። ተመረቅሁ፤ ከተመረቅሁም በኋላ ስምንት ወር ያለ ሥራ ቆየሁ። አንዳንድ ሌሊት ያ ሁሉ መመላለስ ከንቱ መስሎኝ አልቅሻለሁ። ነገር ግን በየወሩ አንድ ጊዜ ወደዚያች ሻይ ቤት እሄድ ነበር፤ ጋሼን ሰላም እላለሁ፣ ስለ ሰባተኛው ሞተር እጠይቃለሁ። አንድ ማክሰኞ የሻይ ቤቷ ባለቤት ራሳቸው ደወሉልኝ። «አቦ፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ ዜሮ ዓመት ይላል።» ለፈተናው ብዙ ሰው ነበር የቀረበው፤ ከእኔ የበለጠ ውጤት የነበራቸው አብረውኝ ተቀምጠዋል። በተግባር ፈተናው ላይ ግን ከፊታችን የተቀመጠው ሞተር ነበር።

ሲቀጥሩኝ በነበረው ሕግ የሙከራ ጊዜው 45 ቀን ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ጣሪያውን 60 የሥራ ቀን አድርጎታል፤ የሙከራ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ልጅቷ ይህን በደብተሯ ጻፈችው፤ ደስ አለኝ። ሌላም ጨመርሁላት። «ቀጥረንሻል» ሲሉ የውሉን ወረቀት አንብቢ አልኋት። ሕጉ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው ብሎ ነው የሚነሳው፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚሆነው ራሱ አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። ሥራው ዓመት እስከ ዓመት የማይቆም ሆኖ ሳለ በየሦስት ወሩ ውል የሚያሳድሷቸው ልጆች አውቃለሁ፤ ይህ ያናድደኛል። ወጣት መሆን አላዋቂ መሆን ማለት ሊሆን አይገባም።

ጥገና ላይ ያተኮርሁት እኔ የማውቀው እርሱን ስለሆነ ነው። የሂሳብ ተማሪ ብትሆን ወር ሲዘጋ ሌሊት መብራት የማይጠፋበትን ቢሮ ፈልጊ እላት ነበር። ሎጂስቲክስ ብትማር ደረቅ ወደቡን፣ በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ነፃ የንግድ ቀጠናንም ብታይ እላታለሁ፤ እየተስፋፋ ያለ ቦታ ሰው ይፈልጋልና።

ለአሠሪዎችም የምለው አለኝ፤ ከእነርሱ ጋር የምውለው እኔ ነኝና። ተለማማጅን ሰርቪስ ላይ ማሳፈርና ምሳ ማብላት ፋብሪካ አያከስርም። እኛ ክፍል ይህን ለማስፈቀድ ሁለት ዓመት ተከራክረናል። ከተፈቀደ ወዲህ የሚመጡት ልጆች ተለውጠዋል፤ ቀድሞ የሚመጡት ታክሲ የሚከፍልላቸው ነበሩ፣ አሁን አሸዋ ገበያ የሚነግዱ እናቶች ልጆችም ይመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ዛሬ የፈረቃ ኃላፊ ነው።

ልጅቷ ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና «ድምፁን እኔም መስማት እችላለሁ?» አለችኝ። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ የሰጡኝ ካቻቢቴ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ አወጣሁት። ቤት ውስጥ ያለኝ ሞተር የቬንትሌተሩ ነው። ጫፉን ከኋላው አሳርፌ እጀታውን ወደ እርሷ አዞርሁ። ዓይኗን ጨፈነች። ረዘም ላለ ጊዜ ቆየች።

«የሆነ ነገር ያኝካል» አለች።

ጠጋ ብዬ ሰማሁ። እውነቷን ነው። ከጥር ጀምሮ በየሌሊቱ ከአጠገቡ ተኝቼ አልሰማሁትም ነበር።

ቬንትሌተሩን አጥፍተን፣ መከለያውን ፈትተን ዘይት ስናጠጣው መሸ። ማህተም እናደርግልሻለን ላሏት ሰዎች ነገ ደውላ እንደማትመጣ ትነግራቸዋለች። ማክሰኞ ሰርቪሳችን ጠዋት 12፡30 ላይ በሳቢያን ያልፋል፤ አብራኝ ትወርዳለች። የእኔ ክፍል ዘንድሮ የሚለቀቅ ወንበር የለውም፤ ይህንንም አልደበቅኋትም። ስድስት ሰዓት ላይ ሻይ ቤቷ ውስጥ ትቀመጥና ራሷ ትጠይቃለች።