አመዴ ቡን ያለበት ሐሙስ

እሑድ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው። እኔ ሚዜ ነኝ። ሐሙስ ማታ ግን መስታወት ውስጥ የማያት ሴት፣ የከሰል ምድጃ ስታራግፍ አመዱ አናቷ ላይ የተደፋባት ነበር የምትመስለው።

ከሥሩ ልንገራችሁ።

ከሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሰፈራችን ፀጉር ቤት ሄጄ ብሊች ተደረግኩ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገም እዚያው ሰፈር ነው የምንኖረው። የፈለግኩት ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩት ፎቶ ላይ ያለውን ቀለም ነው። ቀዝቀዝ ያለ፣ ብርማ ነገር፣ "አሽ" የሚሉት፤ በእንግሊዝኛ አመድ ማለት ነው። የወጣሁት ሚሪንዳ ሆኜ ነው። በርግጥ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ከሥሩ ብርቱካን፣ ጫፉ ደግሞ አምና ቀለም የነካው ስለሆነ ቶሎ ለቆ የሙዝ ልጣጭ።

"ቶነር ሲደረግበት ይስተካከላል" አለችኝ የሠራችኝ ልጅ።

"እና አድርጊልኛ!"

"እሱ ሌላ ሂሳብ ነው።"

ሂሳቡን ነገረችኝ። በዚያ ብር የበዓል ዶሮ ከነእንቁላሉ ይገዛል። ሻሼን አስሬ ወጣሁ።

ለምን ብርቱካን እንደሆንኩ የገባኝ ኋላ ነው። ጥቁር ፀጉር ውስጥ ቀይና ብርቱካን ተደብቆ ይኖራል። ብሊቹ ጥቁሩን ሲያነሳው መጀመሪያ ቀዩ፣ ከዚያ ብርቱካኑ፣ ከዚያ ቢጫው ይወጣል። መሃል ላይ ከቆመ ቆመ ነው። ሜክሲኮ ብሎ ጭኖ ስታዲየም ላይ "መጨረሻ!" እንደሚል ታክሲ። ቶነር የሚባለው ደግሞ የተረፈውን የሚገድል ቀለም ነው። ሰማያዊ ብርቱካንን ያጠፋል፣ ወይን ጠጅ ቢጫን ያጠፋል። ይህን ሁሉ ዛሬ እንደ ባለሙያ አወራዋለሁ። ያን ቀን ግን የማውቀው "አሽ" የሚለውን ቃል ብቻ ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ አንድ ኮስሞቲክስ ሱቅ ገባሁ።

"ቶነር አለ? አሽ።"

"ስንት ቁጥር?" አለኝ ልጁ።

ጫማ የምገዛ መሰለኝ። ለካ ቱቦው ላይ ቁጥር አለ። ከነጥቡ በፊት ያለው የድምቀቱ ደረጃ ነው፤ 1 ጥቁር ነው፣ 10 በጣም የነጣ ብሎንድ። ከነጥቡ ኋላ ያለው ጠባዩን ይናገራል፤ 1 አሽ፣ 3 ወርቃማ፣ 4 መዳብማ። እኔ ግን ግራ ሲገባኝ መካከለኛ ነው የምወስደው። ቲሸርትም መካከለኛ፣ ክትፎም ለብለብ። 7.1 እና ቀለሙ የሚበጠበጥበትን ዴቨሎፐር፣ ጉልበቱ 20 ቮልዩም የሆነውን፣ ይዤ ወጣሁ።

ሐሙስን የመረጥኩት ያለ ነገር አይደለም። በእኛ ሰፈር ፈረቃ ሐሙስ ውሃ አለ። ከመጀመሬ በፊት ቧንቧውን ከፍቼ አየሁት፤ ይወርዳል። ቀባሁ፣ ፌስታል አጠለቅኩ፣ ሃያ ደቂቃ ቆጠርኩ። ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ቧንቧውን ከፈትኩት።

"ሽሽሽ... ኩፍ" አለ። ከዚያ ዝም።

ጀሪካን ፍለጋ ኩሽና ገባሁ። ጀሪካን የለም። ባልዲ የለም። ትልቁ ድስት እንኳ የለም። ሁሉም አክስቴ ቤት ለድግሱ ሄዷል፤ እማዬም አብራ ጠላ ጥንስስ ላይ ናት። ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሃይላንድ ውሃ አገኘሁ። በግማሽ ሃይላንድ የእኔን ፀጉር ማጠብ ማለት ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ በሬን በማንኪያ እንደማውጣት ነው።

ፌስታሌን እንዳጠለቅኩ ጎረቤታችን ጋ ሮጥኩ። እትዬ ሮቶ አላቸው።

"እትዬ፣ ውሃ ጠፍቶብኝ ነው፣ ትንሽ..."

"ውይ ልጄ፣ ግቢ ግቢ! እንዴት ዋላችሁ? እናትሽ ደህና ናት? ሰርጉ ደረሰ አይደል? ሙሽራዋስ? ልብሱ ተሰፍቶ አለቀ?"

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አዎ፣ አዎ። እትዬ፣ ራሴ ላይ ቀለም አለ፣ ቶሎ..."

"ቶሎ ምን? አቦሉ ደርሷል እኮ! ቡና ፈልቶ ረግጦ መውጣት ከየት የመጣ ነው?"

እዚህ ላይ እምቢ ማለት ነበረብኝ ትሉኛላችሁ። ውሃ ልትለምን የመጣች ሰው ቡና እምቢ ትላለች? ተቀመጥኩ። ሲኒው ይፋጃል። ፉት እላለሁ፣ ራሴ ይበላኛል። ፉት እላለሁ፣ ከፌስታሉ ጥግ አንድ ነገር ግንባሬ ላይ ይወርዳል። በነጠላዬ ጠረግኩት። ነጠላው ሰማያዊ ሆነ። እትዬ ስለ አንድ ያልተሳካ ሽምግልና እያጫወቱኝ ነበር፤ ደግሞ ታሪኩ ይስባል። ባልዲያቸውን ተውሼ ውሃውን ተሸክሜ ስወጣ ቶነሩ ከተቀባ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ሞልቶታል።

ታጠብኩ። ፎጣውን አነሳሁ።

ሥሩ፣ ብርቱካን የነበረው፣ ደህና ቡኒ ሆኗል። እሱን አልከሰውም። መሃሉ አመድ ነው። ፋሽን የሚሉት አመድ ሳይሆን ምድጃ ውስጥ ያለው። ጫፉ ደግሞ... የጎመን ቅቅል ውሃ አይታችኋል? እሱ።

የወንድሜ ልጅ ከጀርባዬ ቆሞ ያየኛል። አምስት ዓመቱ ነው።

"ሰማያዊና ቢጫ ሲደባለቅ አረንጓዴ ይሆናል" አለኝ። "ሚስ ነግራናለች።"

እኔ ዲግሪ አለኝ። ብሊች የነካው ጫፍ እንደ ስፖንጅ ነው፤ የሰጡትን ቀለም ሁሉ ይመጥጣል። ቢጫ ነበር፤ 7.1 የጫነውን ሰማያዊ ጠጣው። ኬጂ ያልሄደ ብቻ ነው ይህን የማያውቀው።

እማዬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ነጠላዋን ሳትጥል በር ላይ ቆማ አየችኝ። እማዬ በየወሩ ሽበቷን ጥቁር ቀለም ትቀባለች። አንድ ነጭ ፀጉር ብቅ ካለ መንገድ ዳር ባለ መኪና መስታወት ሳይቀር ትመረምረዋለች።

"እኔ ሽበት እንዳይታይ ስንት ብር አወጣለሁ" አለች ቀስ ብላ፣ "አንቺ ከፍለሽ ሽበት ትገዣለሽ?"

ዱባይ ፀጉር ቤት የምትሠራ የልጅነት ጓደኛ አለችኝ። ፎቶ ላኩላት። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት መለሰችልኝ፤ አርባ ሰከንዱ ሳቅ ነው። የቀረው ይህ ነበር። አንደኛ፣ ደግሜ ብሊች እንዳልነካ፤ ይበጠሳል። ሁለተኛ፣ ቶነር ገና ትኩስ ሳለ ቶሎ ይለቃል፣ ስለዚህ በፀረ ፎረፎር ሻምፑና ሞቅ ባለ ውሃ ደጋግሜ ልጠብ። ቫይታሚን ሲ ፈጭቼ ከሻምፑ ጋር ባደርገው የበለጠ ያላላዋል። ከዚያ በላዩ ሙቅ ቀለም ልመልስበት።

"ቀዝቃዛ ነው የበዛብሽ" አለች። "ሙቀት ስጪው። ወርቃማ፣ ትንሽ መዳብማ ጣል አድርጊበት፣ አረንጓዴን የሚገድለው ቀይ ነው። በ10 ቮልዩም። ደግሞ አጠገቡ ቁሚ፣ ቡና እንዳትጠጪ!"

ዓርብ ጠዋት ሥራ መግባት አለብኝ። ሻሽ አሰርኩ፤ ግን ከፊት ትንሽ ፀጉር ካልታየ የታመምኩ እመስላለሁ ብዬ ትንሽ ለቀቅኩ። የለቀቅኩት ከሁሉም የባሰውን አመድ ኖሯል። አውቶቡሱ ሞልቷል። አንድ ተማሪ መሰል ልጅ አየኝና ብድግ አለ።

"ማዘር፣ እዚህ ይቀመጡ።"

ኋላዬ ማን እንዳለ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰውን ሁሉ አየሁ፣ መስኮቱን አየሁ፣ ወንበሩን አየሁ። ተቀመጥኩ። ምን ይደረጋል፣ ቆሜ መሄዱም ሰልችቶኝ ነበር።

ከጎኔ ያሉት እናት ጉልበታቸውን ያሻሉ። "ይሄ ብርድ ጨረሰን" አሉኝ። "ጨረሰን" አልኩ። እስከምወርድበት ድረስ ስለ ጉልበት ሕመም አወራን። ያልታመምኩትን ሁሉ ታመምኩ።

ማታ ስመለስ ፋርማሲ ገባሁ።

"ቫይታሚን ሲ ፈልጌ ነበር።"

"ጉንፋን ነው?"

"ፀጉር ነው።"

"ይረግፋል?"

"አይ፣ ያስረጃል።"

ዝም ብላ ሰጠችኝ። ቤት ደርሼ ነው ያየሁት፤ የሚፈጨው ሳይሆን ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላው ነው። ይሁን ብዬ ከሻምፑው ጋር ደባለቅኩት። አምቦ ውሃ አናቴ ላይ የተከፈተ ይመስል ፉሽሽሽ አለ። የወንድሜ ልጅ እንዲህ ያለ መዝናኛ አይቶ አያውቅም፤ "ድገሚው!" እያለ ዘለለ። ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። አመዱ ለዘብ አለ። ፀጉሩ ግን ገለባ ሆነ፤ ስነካው ይንኮሻኮሻል።

እማዬ ይህችን ሰዓት ስትጠብቅ ነበር። ለጋ ቅቤ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች።

"እማዬ፣ ዛሬ እኮ ጾም ነው።"

"ለአፍ ነው እንጂ ለራስ ማን ከለከለ? አጎንብሺ።"

አጎነበስኩ። ቅቤው አናቴ ላይ ሲቀልጥ፣ አንገቴ ላይ ሲወርድ፣ ጣቶቿ ሥር ሥሩን ሲያሹኝ፣ ሰርጉንም አረንጓዴውንም ረሳሁት። በሻሽ ጠቅልላኝ አደርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ትራሱም እኔም ያደረ ዶሮ ወጥ እንሸታለን። በዚህ ሽታ ሚዜ መሆን አይቻልም። በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ አልለቀቀም። ደገምኩ። አራተኛው ላይ ሽታው ሄደ። ከሽታው ጋር ግማሹ አመድም ሄዷል! ፀጉሩም ለስልሷል።

"አላልኩሽም?" አለች እማዬ። "ቅቤው ነው!"

ማለስለሱን እሰጣታለሁ። አመዱን ያስለቀቀው ግን ቅቤውን ለማስለቀቅ የታጠብኩት አራቱ ሻምፑ ነው እላለሁ። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም። እሷ ለጎረቤቱ ሁሉ የራሷን አውርታለች፤ ስለዚህ በሕዝብ ድምፅ ተሸንፌያለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት የመጨረሻው ዙር ሆነ። 8.3 ወርቃማ፣ ጣት የምታህል 8.4። ዴቨሎፐሩ 10 ቮልዩም። አስቀድሜ ያለውን ዕቃ ሁሉ ውሃ ሞላሁት፤ ሳፋ፣ ማሰሮ፣ የሻይ ጀበና ሳይቀር። በሩን ቆለፍኩ። እትዬ ቢመጡ እንኳ "የለችም" በል ብዬ የወንድሜን ልጅ አስጠናሁት። እሱ ስልኩን ይዞ ደቂቃ ይጠራል፣ እኔ መስታወት ፊት ቆሜ በየደቂቃው አንዷን ዘለላ በጨርቅ ጠርጌ አያለሁ። አምስተኛው ላይ አረንጓዴው ደበዘዘ። ሰባተኛው ላይ የሆነ ሙቅ ነገር ብልጭ አለ። ስምንተኛው ላይ "በቃ!" ብዬ ሳፋው ውስጥ ገባሁ።

ሲደርቅ ፎቶው ላይ ያለችውን አልመሰለም። ጠጅ ነው ብዬም አልዋሽም። ብርዝ ይመስላል፤ ወርቅማ ሆኖ ትንሽ ደፍረስ ያለ። ለእኔ በቂዬ ነው። ከግራ ጆሮዬ ኋላ አንዲት አረንጓዴ ዘለላ እምቢ ብላ ቀረች፤ እሷ ላይ የሚዜ አበባ ሰክተን ቅጠል ናት ተባለ።

ሰርጉ ላይ ከአሜሪካ የመጣች የሙሽራው ዘመድ ነበረች፤ የኔ እኩያ። ፀጉሯ እስከ ወገቧ ድረስ አመድ ነው። ያ እኔ የፈለግኩት፣ ያ ትክክለኛው። እማዬ ጉርሻዋን አቁማ አፍጥጣ አየቻት።

"ይህቺን ልጅ ምን አገኛት? በዚህ ዕድሜዋ!"

"አሽ ነው እማዬ። ፋሽን ነው።"

"ከፍላ ነው?"

"በዶላር።"

እማዬ ምንም አላለችም። ጉርሻዋን ቀስ ብላ አኘከች።

ወሩ ሲደርስ እንደ ልማዷ ጥቁር ቀለም ግዢልኝ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። በሁለተኛው ሳምንት ከግንባሯ በላይ አንድ ጣት የሚያህል ነጭ ወጥቷል። ቡና እያፈላች ነበር፤ ጠጋ ብዬ፣

"እማዬ፣ ሽበትሽ ወጥቷል እኮ" አልኳት።

ዕጣኑን ምድጃው ላይ ጣል አደረገችና ፀጉሯን ወደ ኋላ መለስ አደረገችው።

"ሽበት አይደለም" አለችኝ። "አሽ ነው።"