በሁዳዴ ያደስነው ሱፐርማርኬት

በ2017 ዓ.ም. እኔና ወንድሜ ገርጂ አካባቢ አንድ የቆየ ሱፐርማርኬት ከነዕቃው፣ ከነሠራተኛው ተረከብን። አድሰን፣ ስሙን ቀይረን ከፈትነው። ከዚያ በፊት መርካቶ በጅምላ ነበር የምንሠራው። አሁን ሱቅ ልግዛ የሚል ዘመድና ጓደኛ ሁሉ ይደውልልኛል። የሚጠይቁኝ ደግሞ ስለ ስሙ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ታፔላው ነው። እውነቱን ለመናገር ከወጪው ሁሉ ትንሹ ታፔላው ነበር። የተሰቀለውም መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው አከራይዋ ጋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ገዛሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቤቱን አልገዛም፤ የገዛው ቁልፍ ነው፤ ማለትም ሥራውን ከነደንበኛው ተረክቦ በተከራየው ቤት መቀጠልን። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የንግድ መደብሩን ከሕንፃው ለይቶ ነው የሚያየው። የኪራይ ቤት አዋጁ 1320/2016 ደግሞ ለመኖሪያ ቤት እንጂ ለሱቅ አይሠራም። ስለዚህ የሻጩ ውል ሊያልቅ ትንሽ ወር ቢቀረውና ያኔ አከራይ የፈለገውን ቢጠራ፣ የሚያስጥልህ የለም። ለቁልፉ ከመክፈላችን በፊት አዲስ ረጅም ውል በስማችን ይጻፍልን አልን። ሴትየዋ አላስቸገሩንም። «ልጆቼ፣ ከጣሪያዬ ጋር ብቻ እንዳትጣሉ» አሉን። ከኛ በፊት የነበሩት የፍሪጅ ቱቦ ለማሳለፍ ጣሪያውን በስተው በየክረምቱ ያፈስባቸው ነበር። ያንን በውሉ ላይ አስገባነው።

ቀጥሎ ቆጠራው ነው፤ ግዢው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ በዕድሜ አባታችን ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ስምምነታችን ዕቃውን በሙሉ በመግዣ ዋጋው እንድንረከብ ነበር። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ ነበር። ግን አንዱ የአምስት ሊትር ዘይት በሦስት ኮድ ተመዝግቦ አገኘነው። አንዱ ላይ ይገባል፣ በሌላው ይሸጣል፣ ሦስተኛው ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። ወረቀቱን ትተን ዕቃውን በእጃችን ለመቁጠር ተስማማን።

ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ በሩን ቆልፈን ጀመርን። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ካሸሯ ዋጋ ትነግረናለች። የቲማቲም ድልህ መደርደሪያ ጋ ስንደርስ የፊቱ ረድፍ ያበራል። እጄን ወደ ኋላ ስሰድ አቧራ ነካሁ። ከኋላ ያሉት ጊዜያቸው አልፏል። ተንኮል አልነበረም። አዲሱ ሲመጣ ከፊት ይደረደራል፣ አሮጌው ወደ ኋላ ይገፋል፤ በየሱቁ የምታየው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ክምር ሠራን፦ ሙሉ ዋጋ የሚከፈልበት፣ ጊዜው ሊያልቅ ስለተቃረበ ግማሽ ዋጋ የሚከፈልበት፣ ምንም የማይከፈልበት። የተጨረማመቱ ቆርቆሮዎች ላይ ከጋሼ ጋር ተከራከርን። ወንድሜ አንዱን አንስቶ «ጋሼ፣ ይቺን ለቤትዎ ይገዟታል?» አላቸው። ትንሽ አገላብጠው አዩዋት። ሳቅ አሉና ራሳቸው ሦስተኛው ክምር ላይ ጣሏት። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም።

የአቅራቢዎች ዕዳም አለ። ናኩማትን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በአንድ ወቅት የኬንያ ትልቁ የሱፐርማርኬት ሰንሰለት ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. መደርደሪያዎቹ ባዶ የቀሩት ደንበኛ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ያልተከፈላቸው አቅራቢዎች ዕቃ ማምጣት ስላቆሙ ነው። እሱ ከለቀቃቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ ላይ የፈረንሳዩ ሱፐርማርኬት ካርፉር ገባ። የኛ ሰፈር ሱቅ ከዚያ ጋር ባይወዳደርም ሕመሙ አንድ ነው። ስለዚህ የውኃውን፣ የለስላሳውን፣ የፓስታውንና የሳሙናውን አከፋፋይ አንድ በአንድ ጠርተን ጋሼ ባሉበት ሒሳብ አስተያየን። ያለው ዕዳ ተጽፎ ተፈረመበት፤ ከቁልፉ ገንዘብ ተቀንሶ በቀጥታ ለአከፋፋዮቹ ተከፈለ። አከፋፋይ የሚፈልገው አዲሱ ባለቤት ማን እንደሆነ ማየት ነው። አንድ ጊዜ ቡና ካጠጣኸው ዕቃውን ያወርዳል።

የዱቤ ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ወፍራም ደብተር ነበራቸው፤ ግማሹ ሰፈር አለበት። የሰው ዕዳ ለምን ትገዛለህ ያሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ገዛሁት፣ በእርግጥ በጣም በቅናሽ። ምክንያቱም ዕዳ ያለበት ሰው ጋሼን በመንገድ ሲያይ ያፍራል፤ ሱቁ ጋ ሲደርስ ደግሞ መንገድ ይቀይራል። ዕዳው የኔ ከሆነ ግን ገብቶ ሰላም ሊለኝ ይችላል። ካሸሯ ለእያንዳንዱ ደወለች። «ሲመችዎ ይክፈሉ፣ ዛሬ የሚገዙትን ግን በካሽ ይግዙ» አለቻቸው። ያልከፈለም አለ። ተመልሶ ያልመጣ ግን ጥቂት ነው።

ካሸሯን ደጋግሜ የማነሳት ያለምክንያት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ድርጅት ባለቤት ስለቀየረ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም ይላል። አዲስ ባለቤት መጣ ተብሎ ሠራተኛ አይበተንም። ሕጉ ባይኖርም እሷን ለማስቀጠል እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። የትኛዋ እናት ስኳር እንዳለባት፣ የትኛው ጎረምሳ ማስቲካ ኪሱ እንደሚከት የምታውቀው እሷ ነች። ያንን በየትኛውም ፒችትሪ ውስጥ አታገኘውም።

አሁን ወደ ማደሱ። ሰው ሁሉ ለገና ድረሱበት ይለን ነበር። እኔ እስከ ሁዳዴ እንቆይ አልኩ። ኦርቶዶክስ በበዛበት ሰፈር ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ ቺዝና ሥጋ 55 ቀን አይንቀሳቀሱም። ማቀዝቀዣው ያለ ሥራ ነው የሚቆመው። ወለል ሰብረህ ሴራሚክ ለመቀየር፣ መስመር ለመዘርጋት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። የ2017 ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሰሞን ተደርቦ ነበር። ስለዚህ ቀን ቀን ሱቁ ጭር ይላል፤ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ቴምርና የሳምቡሳ ዱቄት ፈላጊ ይጎርፋል። ሠራተኞቹ ጠዋት ይሰብራሉ፣ ከሰዓት ይጠርጋሉ፣ ማታ እንሸጣለን። ሱቁን በሙሉ አልዘጋነውም፤ ለሁለት ከፍለን ግማሹን በላስቲክ ጋርደን ነው የሠራነው። አቧራው አስቸግሮናል፤ አልዋሽም። ግን የሰፈር ሰው አንዴ ሌላ ሱቅ ከለመደ እሱን ለመመለስ የምታወጣው ከአቧራው ይብሳል። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ዕንቁላሉና ቅቤው ሲገባ ማቀዝቀዣዎቹ ሥራ ጀምረው ነበር።

ከዕድሳቱ ገንዘብ ትልቁን የበላው የማይታየው ነው። የድሮዎቹ ፍሪጆች ፊታቸው ክፍት ነበር። ቀዝቃዛው አየር ወደ ሱቁ ይፈሳል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ወተቱ ቶሎ ይሞቃል። ባለ መስታወት በር አደረግናቸው። አንዳንዱ በር ደንበኛን ያርቃል ይላል፤ የኛ ደንበኛ ግን ወተት ከፈለገ በር ይከፍታል። ኤሌክትሪሺያኑ የፍሪጆቹን መስመር ከመብራቱ ለየልን፤ ጄኔሬተሩ የሚያነሳው ፍሪጆቹን፣ ካሽ ሬጅስተሩንና ጥቂት አምፖሎችን ብቻ ሆነ። የነዳጅ ወጪያችን ወዲያው ነው የቀነሰው።

ስለ ካሽ ሬጅስተር ካነሳሁ አይቀር፦ ማሽኑ የተመዘገበው በሻጩ ቲን፣ በግብር ከፋይ ቁጥራቸው ነው። ሱቁን ገዛህ ማለት በሱ ማሽን ደረሰኝ ትቆርጣለህ ማለት አይደለም። የሱ ይዘጋል፣ የአንተ በስምህ ይመዘገባል። መጀመሪያ የንግድ ፈቃድ፣ ከዚያ ቫት፣ ከዚያ ማሽን። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቆጠራው ሳይጀመር ማመልከት ነው። ያለ ደረሰኝ መሸጥ አይታሰብም።

አቀማመጡ ላይ ከወንድሜ ጋር ተጨቃጨቅን። እሱ ዳቦና ወተት መጨረሻ ጥግ ይሁን አለ፤ ሰው እስኪደርስ ሌላ ነገር ያያል ብሎ። ይሄ መኪና አቁሞ ጋሪ ለሚገፋ ሰው ይሆናል። የኛ ሰው ማታ ከታክሲ ወርዶ፣ ደክሞት፣ ዳቦ ይዞ ቤቱ መግባት ነው የሚፈልገው። ብታዞረው ጎን ያለው ሱቅ ይገባል። ዳቦው በሩ አጠገብ የራሱ መስኮትና ሒሳብ ተቀባይ ያለው ሆነ። ሩዝ፣ ዘይትና ዳይፐር ወደ ውስጥ ገቡ፤ እነሱን የሚገዛ ሰው ጊዜ አለው።

ታፔላውን ለመሥራት መጀመሪያ ወረዳ ሄደን ጠየቅን፤ መጠኑ፣ ቦታው፣ የሕንፃው ቀለም ሁሉ ደንብ አለው። አሠርቶ ማውረድ ከሁለት ያጣ ያደርጋል። ስሙን ግን ሰፈሩ አልተቀበለውም። ታክሲ ውስጥ አሁንም በጋሼ ሱቅ ስም ነው «ወራጅ አለ» የሚባለው። ታፔላው ላይ ከአዲሱ ስም ሥር «የቀድሞው» ብለን የድሮውን በትንሹ አስጻፍን፤ ጋሼም በጽሑፍ ፈቅደውልናል። ሰፈሩ የድሮውን ስም የሚተው አይመስለኝም። ነጻ ማስታወቂያ ነው፤ ለምን እጣላዋለሁ?

አንዳንድ ጓደኞቼ በ2016 የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 ችርቻሮ ንግዱን ለውጭ ባለሀብት ስለከፈተ ይፈራሉ። ትልልቆቹ ሲመጡ እንደኔ ያለው ሱቅ ያበቃለታል ይላሉ። እኔ እንኳን ለዳቦው መስኮት አልሰጋም፤ የሚያሰጋኝ የዘይትና የዳይፐሩ መደርደሪያ ነው። እዚያ ዋጋ ላይ ከነሱ ጋር አንችልም።

ለማንኛውም ሳሪስ አካባቢ ሁለተኛ ሱቅ እያየን ነው። ሻጩ ለመስቀል ተረከቡኝ እያለ ነው። አከራዩን ገና አላገኘናቸውም። ማደሱ ግን እስከ ሁዳዴ ይቆያል ብዬዋለሁ፤ ወንድሜም በዚህ ላይ አልተከራከረኝም።