አንድ ደረቅ ሌሊት

እግዚአብሔር ይመስገን! ይህን ምስክርነት እጽፋለሁ ካልኩ ቆየሁ። እታለም የምላት እህቴ "ስሜን አትጥሪ እንጂ ንገሪልኝ" ስላለችኝ ነው ዛሬ የተነሳሁት።

እታለም የመጀመሪያ ልጇን 3 ቀን አማጠች። ቀበሌያችን ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት በሩ ዝግ፣ አምቡላንሱም ነዳጅ የለውም ተባለ። ልጁ ሞቶ ተወለደ። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንቷን መያዝ አቃታት፣ ቀንም ሌሊትም ጠብ ጠብ። ባሏ ሁለት ወር ታግሦ ለእናቴ መለሳት። ሰፈሩ ሁሉ እርግማን ነው አለ እንጂ ጤና ጣቢያው ለምን ተዘጋ ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

4 ዓመት ጓሮ ባለችው ጎጆ ብቻዋን አደረች። ሽንቱ እንዲቀንስላት ብላ ውኃ መጠጣት ተወች። ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ነው። እናቴ ለኪዳነ ምሕረት የተሳለችው ብዙ አይደለም፦ "አንድ ሌሊት እንኳ ደረቅ ሆና ትደርልኝ፣ ጃንጥላ አገባልሻለሁ።"

ጸበል ወሰድናት። የሚያጠምቁት አባ ጠርተው "ከወሊድ ወዲህ ነው?" አሉን። አዎ ስንላቸው "ጸበሉን ጠጪ፣ ነገ ግን ባሕር ዳር ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ሂጂ፣ በነጻ ነው የሚያክሙት" ብለው የመሳፈሪያ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡን። እኔ እኮ ሐኪም ቤት አትሂዱ ይሉናል ብዬ ፈርቼ ነበር! አውቶቡሱ ውስጥ ሰው አፍንጫውን ያዘ፣ ረዳቱም ውረዱ ሊለን ሲል አንዲት እናት ተነስተው አጠገቧ ተቀመጡ።

ሐምሊን ስንገባ አፍንጫውን የያዘ የለም። ነርሷ በደንብ አስረዳችን፤ ሕመሙ ፊስቱላ ይባላል፤ ምጡ ሲረዝም የሕፃኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛዋን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ደም ሲከለክለው ሥጋው ይሞትና ይቀደዳል። በቃ ይኸው ነው፣ እርግማን የለበትም። እታለም ይህን ስትሰማ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም። ሆስፒታሉን የመሠረቱት ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ከአውስትራሊያ ሲመጡ ለ3 ዓመት ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው እዚሁ አገራችን አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ሌላ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ሆስፒታሎቹ አሉ። እንደ እታለም የተደበቀች ሴት የምታውቁ እባካችሁ ንገሯት።

ኦፕራሲዮን ሆና ሁለት ሳምንት ያህል ቱቦ ተደረገላት። "ውኃ ጠጪ፣ ገና ጠጪ" ይሏታል፣ እሷ ደግሞ ውኃ ትፈራለች! አጠገቧ የተኛችው ለሁለተኛ ጊዜ የመጣች ስለሆነች፣ ለሁሉም በአንዴ እንደማይሳካ አይተን በጣም ሰግተን ነበር። ቱቦው በወጣ ማግስት ጠዋት ስመጣ አንሶላውን በእጇ ስትዳብስ አገኘኋት።

"ንኪው" አለችኝ።

ነካሁት። ደረቅ ነው።

አንድ ብር አልተቀበሉንም። መናኸሪያ ስንደርስ ውኃ ግዢልኝ አለችኝና አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ ጠርሙሱን ጨረሰችው።

የካቲት 16 ጃንጥላው ገባ። እናቴ ልትይዘው ስትል እታለም ተቀብላት ራሷ ይዛ ቅጥሩን አለፈች።