የጋሼን ቦሌክስ እንዴት እንደሸጥኩት

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ባለፈው ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ጠርተውኝ ከቁም ሳጥን ውስጥ አንድ የቆዳ ሳጥን አወጡ። «ዓይኔ ደክሟል፤ ለሚሠራበት ሰው ሽጥልኝ» አሉኝ። ውስጡ ያለው ቦሌክስ ኤች 16 ሪፍሌክስ የሚባል የፊልም መቅረጫ ካሜራ ነው። ስዊዘርላንድ የተሠራ፣ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚጎርስ፣ ባትሪ የማይፈልግ። እንደ ድሮ ሰዓት በእጅ ይሞላል።

መጀመሪያ ቸኮልኩ። በስልኬ ሦስት ፎቶ አንስቼ «አሮጌ ካሜራ፣ ይሠራል» ብዬ ለሽያጭ አወጣሁት። ወዲያው አንድ ሰው «250 ዶላር፣ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ» አለ። እሺ ልለው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ግን ስለ ካሜራው አንድም ነገር ሳይጠይቅ ስለ ሌንሶቹ ብቻ ሲያጣድፈኝ ጠረጠርኩ።

ማስታወቂያውን አነሳሁና ሌንሶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሦስቱም ላይ «ከርን ፓያር ስዊታር» ይላል፤ 10፣ 25 እና 75 ሚሊ ሜትር። ለካ ዛሬም በጣም ተፈላጊ ናቸው። በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) አንዳንድ ዲጂታል ካሜራ ላይ ስለሚገጥሙ፣ ብዙ ነጋዴ ሌንሱን ነቅሎ ለብቻው ይቸበችበዋል። ሌላም ነገር ተማርኩ። በዚህ ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ ጀርባ ከብርሃኑ ከፊሉን ወደ ቀራጩ ዓይን የሚመልስ ፕሪዝም የሚባል መስታወት አለ። ስለዚህ ከ50 ሚሊ ሜትር በታች ያሉት ሌንሶች ለእሱ ታስበው የተሠሩ ቢሆኑ ይመረጣል። ምልክቱ «አር ኤክስ» የሚለው ጽሑፍ ነው። 10ሩም 25ቱም ላይ አለ። ይህን ጽሑፍ ቀርቤ ፎቶ አንስቼ በአዲስ ማስታወቂያ ሳሳይ የሚደውሉልኝ ሰዎች ተለወጡ። ማወቅ የሚፈልጉትን ለይተው የሚጠይቁ መጡ።

«ይሠራል» ማለትም አይበቃም። ጋሼ ጊዜው ያለፈበት ፊልም ሰጡኝና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሞከርነው። ፍጥነቱን በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ላይ አድርጌ፣ ፊልሙ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ 10 ሰከንድ አስኬድኩት። 240 ፍሬም 1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ጋሼ የልብስ ሰፊ ሜትር ዘርግተው ለኩ፤ 1 ሜትር ከ80። «አላረጀም!» አሉ። ያን ያህል ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ በእጅ ባትሪ እያንዳንዱን ሌንስ ከጀርባ አበራሁበት። 75ቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አገኘሁ። ሳልደብቅ ፎቶውን አስገባሁ። ዋጋ ይሰብርብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ገዢዎች ግን የቀረውንም የነገርኳቸውን አመኑኝ።

አንድ ነጋዴ ለ25ቱ ብቻ ጥሩ ገንዘብ አቀረበ። ጋሼን ሳማክራቸው «አብረው ነው የኖሩት፣ አትለያያቸው» አሉ። በመጨረሻ አንዲት የፊልም ተማሪ ሁሉንም በ1,100 ዶላር ገዛች። ጋሼ ፊልም አጎራረሱን አስተማሯት፤ ሥራ ስትጨርስም ሞላውን ተወጥሮ እንዳትተወው አደራ አሏት።

በሳምንቱ ደወለችልኝ። ፊልም ወደ ኋላ የሚመልሰው ትንሹ እጀታ ሳጥኑ ውስጥ የለም። ዕቃዎቹን ጽፌ አልቆጠርኩም ነበር። ጋሼ ጋ ሄጄ ስፈልግ ከመሳቢያ ወጣ፤ በዚያው ቀን ይዤላት ሄድኩ።