የእኔ መኪና ቁልፍ

ትኩሳቱ የጀመረኝ ትናንት ማታ ነው። ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ለመነሣት ስሞክር ግድግዳው ዞረብኝ። ባለቤቴ ከሆስፒታል የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ የምትወጣው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እሑድ እሑድ የማመጣት እኔ ነኝ። ልጄ ጃኬቱን ደርቦ፣ «አባዬ፣ አንተ ተኛ፤ እኔ አመጣታለሁ» አለኝ። መረቅሁት። ጥቂት ቆይቶ ከውጭ የተሰማኝ ግን እሱ የሚነዳት የቪትዟ ሞተር ሳይሆን የደከመ ባትሪ ሲያቃስት ነበር። ልጁ ተመልሶ ገባና እጁን ወደ እኔ መኪና ቁልፍ ሰደደ።

«ተው!» ብዬ ጮኽሁ። ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ እንጃ።

«ምነው? መንጃ ፈቃድ አለኝ። መኪናው የቤታችን ነው። መድንም አለው።»

አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ አፌን ያስይዘኝ ነበር። እዚያ የሦስተኛ ወገን መድን የመኪናው ነው፤ ስቲከሩ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ታላቅ ወንድሜ ቁልፉን ለአክስታችን ልጅ ሲያቀብል «ነዳጅ እንዳትጨርስብኝ» ከማለት በቀር የሚጨነቅበት ነገር አልነበረውም። እዚህ ለንደን ውሉ ሰውየውን ከነመኪናው አስሮ ነው የሚይዘው። የልጄ ስም የሰፈረው በቪትዟ ውል ላይ ብቻ ስለሆነ የእኔን መኪና ሲያስነሣ መድን የሌለው ሰው ይሆናል። በሌላ ሰው መኪና ለሦስተኛ ወገን ብቻ የሚሸፍን አንቀጽ ያለበት ውል አለ፤ ኩባንያዎቹ ግን ዕድሜው ከ25 በታች ለሆነ ሰው እምብዛም አይሰጡትም።

ያለ መድን ሲነዳ የተያዘ ሰው ቅጣቱ ብዙውን ጊዜ 300 ፓውንድና መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመዘገብ 6 የጥፋት ነጥብ ነው። ለእኔ ቢጤው ነባር አሽከርካሪ 6 ነጥብ አንገት ያስደፋል እንጂ መንጃ ፈቃድ አያስነጥቅም። ፈተና ካለፈ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ግን 6 ነጥብ ከሞላበት ፈቃዱ ይሰረዛል፤ እንደገና ከጽሑፍ ፈተናው መጀመር ነው። ልጄ ካለፈ ገና አምስት ወሩ። መኪናውን የፈቀደለት ባለቤትም አብሮ ይጠየቃል፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬ የአውቶቡስ መሪ ነው።

ቪትዟን (እዚህ ያሪስ ይሏታል፤ እኔ ግን ስሟን አልቀይርባትም) የገዛናት በ2,400 ፓውንድ ነበር። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የመጀመሪያው የመድን ዋጋ ሲመጣ 2,150። የመኪናዋን ዋጋ ደግመው የጠየቁኝ መሰለኝ። አንድ ወዳጄ ቡና እየጠጣን፣ «ምን ያስጨንቅሃል? በአንተ ስም አድርገውና ልጁን ሁለተኛ አሽከርካሪ ብለህ ጨምረው» አለኝ። እውነትም ዋጋው ወደ 780 ወረደ። ቅጹን የሚሞላልኝ ልጄ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ። «ዋናው አሽከርካሪ ማን ነው ይላል። ምን ልበል?»

መኪናዋን በየቀኑ ወደ ኮሌጅ የሚወስዳት እሱ ነው። የእኔን ስም ባስጽፍ ይህ ፍሮንቲንግ የሚሉት ማጭበርበር ነው፤ አደጋ ሲደርስ ኩባንያው ውሉን አፍርሶ ካሳ ሊከለክል ይችላል። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያነበብኩት እንጂ በዚያ ሰዓት የያዘኝ የሕግ ፍርሃት አልነበረም። የልጁ ዓይን ነው። «ስምህን ጻፍ» አልኩት፤ ወዲያውም ቆጨኝ።

ዋጋውን ትንሽ የቀነሰልን መኪናዋ ላይ የተገጠመው ጥቁር ሳጥን ነው። እኔ ጥቁር ሳጥን ሲባል የማውቀው አውሮፕላን ሲወድቅ በዜና ነበር። አሁን የእኛም ቤት አለው፤ ልጁ ፍሬን በኃይል ሲረግጥና ሲፈጥን ሁሉ ለኩባንያው ይነግርበታል። ከእናቱ ምክር ይልቅ ሳጥኑን ይሰማል፤ ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ልጄ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በስልኩ የአንድ ሰዓት መድን ፈለገ። የእኔን መኪና ሰሌዳ አስገባ፣ 19 ፓውንድ ከእኔ ካርድ ተቆረጠ፣ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ የእኔ መኪና አሽከርካሪ ሆነ። በመስኮት አየሁት። መስታወቶቹን አንድ በአንድ አስተካከለ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ ለካ በቁመት በልጦኛል።

መድኑ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ተመለሱ። ባለቤቴ ኮቷን ሳታወልቅ ግንባሬን ዳሰሰች፤ ልጁ የሆነውን ሁሉ ሲተርክላት ዝም ብላ ሰማችውና ወደ እኔ ዞረች።

«በታክሲ ብመጣ እኮ አሥራ አንድ ፓውንድ ነበር።»