ጣሪያው የሄደ ቀን

«ጣሪያው ሄደ!» አለ አንዱ ልጅ።

ታብሌቱን ተቀብዬ አየሁት። እውነቱን ነው። የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያ፣ ሦስት ወር ሙሉ እያመሸሁ የሠራሁት ጣሪያ፣ ከግድግዳው ላይ ተነስቷል። ሁለት ሜትር ያህል ወደ ግራ ሸርተት ብሎ ሣሩ ላይ ተንሳፏል። ወደ ሌላው ታብሌት ሮጥኩ። እዚያ ደግሞ ወደ ኋላ ሄዷል። ሦስተኛው ላይ ዘሞ ቆሟል።

ጥቅምት ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት። ፋሲል ግቢ ውስጥ ሠላሳ ሁለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ መምህራቸው፣ ሥራውን ያዘዙን ሰዎችና እኛ ቆመናል። እጄን አላበኝ።

ሥራችን ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይባላል። እኛ ባጭሩ ኤአር እንለዋለን። ስልካችሁን ወይም ታብሌታችሁን ወደ አንድ ነገር ስታዞሩ፣ ካሜራው በሚያሳያችሁ ነገር ላይ ኮምፒውተር የሠራው ሥዕል ተደርቦ ይመጣል። ወዲያ ወዲህ ብትሉም ሥዕሉ ቦታውን አይለቅም። እዚያው የተተከለ ይመስላል። የፈረሰ ቤት ፊት ቆማችሁ ቤቱን ሙሉ ሆኖ ታዩታላችሁ ማለት ነው።

ጎንደር ለዚህ ሥራ የምትመች ከተማ ናት። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ የተከታተሉት ነገሥታት እዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ግንብ አነጹ። ሁሉም 900 ሜትር በሚሆን አጥር ውስጥ ነው። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዕንቁላል ግምብ የሚባለው የፋሲል ቤት ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እሱን ለማስረዳት ታብሌት አያስፈልግም። አጠገቡ ያለው የኢያሱ ቤት ግን ሌላ ነው። አናቱ እንደ ኮርቻ ተደርጎ የተሠራ፣ ብዙው ነገሩ የፈረሰ። ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ያጌጠ እንደነበር ይነገርለታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ አፄ ኢያሱን ሊያክም ጎንደር የገባው በ1691 ዓ.ም. ነው። እኔም ጎብኚው ያን ዘመን እንዲያየው ነበር የፈለግኩት። እዚህ ከተማ ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ «ይሄ ድሮ ምን ይመስል ነበር?» እያልኩ ስንት ጊዜ ቀና ብያለሁ።

ስለዚህ ሙሉ አደረግኩት። ጣሪያውን መለስኩ። ዝሆን ጥርሱን ለጠፍኩ። ወርቁን ቀባሁ። የሥራ ባልደረባዬ «መስታወቱ ስንት ይሁን?» ሲለኝ የግድግዳውን ልክ አይቼ «ስምንት ቢሆን ያምራል» አልኩት። ስምንት ሆነ።

ግቢው ውስጥ ጠጉራቸው የሸበተ አንጋፋ አስጎብኚ አሉ። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ከሙከራው ሳምንት በፊት ሥራውን አሳይቻቸው ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «ያምራል» አሉና ታብሌቱን መለሱልኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። አሁን ሳስበው፣ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው። የእሳቸውን ያህል ያን ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ዝም ሲል ዝምታው አንድ ነገር ይላል።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ጣሪያው ከመሄዱ በፊት ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ልጆቹ በየታብሌቱ አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስት ሆነው ተጠጋግተዋል። በራሳቸው ስልክ እንዳይሆን ያደረግነው ብዙው ርካሽ ስልክ ጋይሮስኮፕ ስለሌለው ነው። ጋይሮስኮፕ ስልኩ እንዴት እንደዞረ የሚያውቅበት ክፍል ነው፤ ያለ እሱ ሥዕሉ ቦታውን መያዝ አይችልም። (ለጎብኚ ስልክ አፕ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ገና ከጅምሩ አስቡት። በእጅ ባለው ስልክ የማይሠራ ነገር ለብዙው ሰው የለም ማለት ነው።) መምህራቸው ስክሪኑ ላይ 1704 የሚለውን ዓመት አይቶ «በየትኛው አቆጣጠር ነው?» አለኝ። በአውሮፓ ነበር፤ አልጻፍንበትም። ማታውኑ አስተካከልነው።

ፊት የቆመች አንዲት ልጅ ደብተር ይዛለች። «ስንት መስታወት ነበረው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ስምንት» አልኳት።

ጻፈችው። «የኢያሱ ቤት 8 መስታወት ነበረው።» ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። አይቻታለሁ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው ጣሪያው የሄደው።

አፑን ዘግቼ እንደገና ልከፍተው ስል ጋሼ ከኋላዬ መጡ። «ተዪው ልጄ፣ አትንኪው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«እስቲ ታብሌቱን ዝቅ አድርጉ። ግድግዳውን እዩት። ጫፉን እዩ፣ እንዴት እንደተገመሰ። አያችሁ? አሁን ታብሌቱን አንሡ። ያ አየር ላይ የቆመው ጣሪያ እዚህ ላይ ነበር። ማን አወረደው?»

ጸጥ አሉ። አንዱ «ጊዜ» አለ።

«ጊዜ ብቻውን አይደለም» አሉ ጋሼ። «አንደኛ መሬት ተንቀጠቀጠ። ኢያሱ ገና በሕይወት እያሉ ነው። ሁለተኛ ቦምብ። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጅ የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ውጊያ እንግሊዝ በአውሮፕላን ሲደበድበው ግቢውንም አገኘው።» ቀጥለው ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ከተማዋን እንዴት እንዳቃጠላት ነገሯቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሠላሳ ሁለቱም ይሰማሉ።

ያን ጊዜ ልጆቹ ያደረጉትን አልረሳውም። ታብሌቱን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ስክሪኑን ያያሉ፣ ግድግዳውን ያያሉ። ተንሳፋፊውን ጣሪያ በዓይናቸው አንስተው ስብራቱ ላይ ይገጥሙታል። አንደኛው ልጅ ታብሌቱን ለጓደኛው ሰጥቶ ሄዶ ድንጋዩን በመዳፉ ዳበሰ። ጠዋት ሁሉም ነገር በትክክል ሲሠራ ግድግዳውን የነካ ልጅ አልነበረም። ቀና ብሎ ያየውም አልነበረም። ጣሪያዬ በልኩ ሲቀመጥ ስብራቱን ይሸፍነዋል። ለካ የሠራሁት ነገር ልጆቹ ሊያዩት የመጡትን ነገር ይጋርድ ነበር።

ሲያበቃ ጋሼን ለብቻቸው አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ያኔ ሳሳይዎት ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ለፍተሽበታል። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ያማረውን አሳየሽን። የደረሰበትን ግን ሸሸግሽው» አሉኝ።

ማታ ቢሮ ተሰበሰብን። ጣሪያው ለምን እንደሄደ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብንም። ጂፒኤስ በሜትሮች ስለሚስት ለእንዲህ ያለ ሥራ አይበቃም። ስለዚህ ታብሌቱ ግድግዳውን በመልኩ ነው የሚያውቀው። የድንጋዩን ጠርዝ፣ የኖራውን መስመር፣ ጥቁርና ነጭ የሚገናኙባቸውን ነጥቦች ይይዛል። ካሜራው የሚያየውን ቀድመን ካነሳናቸው ፎቶዎች ጋር ያመሳክራል። ፎቶዎቹን ያነሳነው ደግሞ በነሐሴ ነበር። ደመና፣ ለስላሳ ብርሃን፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ በየስንጥቁ አረንጓዴ ሣር በቅሏል። በጥቅምት ሣሩ ደርቋል። ፀሐይዋ ወጣ ስትል እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱን ጥቁር ጥላ ይጥላል። ታብሌቱ ጥላውን የድንጋይ ጠርዝ አድርጎ ወሰደው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንሞክረው ብርሃኑ ገና ለስላሳ ስለነበር ችግሩ አልታየም። አምስት ሰዓት ላይ ግድግዳው ለእሱ ሌላ ግድግዳ ሆነበት። በዚያ ላይ ታብሌቶቹ በፀሐይ ግለው ስክሪናቸው ደብዝዞ ነበር።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በክረምትም በበጋም፣ በጠዋትም በቀትርም በከሰዓትም ፎቶ ማንሳት። ከዚያ ወዲህ አንድን ግድግዳ በአንድ ቀን ፎቶ ብቻ አስመዝግበን አናውቅም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ጣሪያው አልነበረም። ተኝቼ ያ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት ስምንት መጣብኝ። የመስታወቱን ቁጥር የነገረኝ ሰው የለም። ያነበብኩትም ነገር የለም። ስለሚያምር ብዬ ያደረግኩት ነው። አሁን ግን አንዲት ልጅ ደብተር ላይ ታሪክ ሆኗል። ፈተና ላይ ትጽፈዋለች። ለታናሽ ወንድሟ ትነግረዋለች። እኔ ብናገረው ኖሮ ምናልባት ትጠራጠር ይሆናል። በዓይኗ አይታዋለችና አልጠየቀችም። ይህ ሥራ ክፉ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የተነገረን ሰው ያመዛዝናል፤ ያየውን ግን አየሁ ብሎ ይሄዳል።

በማግሥቱ መምህሩን አስፈቅጄ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በእረፍት ሰዓት አገኘኋት። ነገርኳት።

«ታዲያ ስንት ነበር?» አለችኝ።

«አይታወቅም። ስምንቱ የእኔ ግምት ነው።»

«ታዲያ ለምን ስምንት አሉን?»

መልስ አልነበረኝም። «ተሳስቼ ነው» አልኳት። ደብተሯን አወጣች። «8»ን ሰረዘች። ዓረፍተ ነገሩን ደግማ አነበበችና መጨረሻው ላይ አንድ ቃል ጨመረች። «የኢያሱ ቤት መስታወት ነበረው ይባላል።»

ይባላል። ቋንቋችን ይህን ቃል ከሰጠን ስንት ዘመኑ ነው። እኔ ሦስት ወር ስሠራ አላስታወስኩትም።

ቢሮ ተመልሼ ለባልደረቦቼ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ሥዕሉን በሦስት ከፈልነው። ዛሬም ቆሞ ያለውን አንነካውም፤ በካሜራው ራሱ ይታይ። ይባላል የሚባለው ነገር በፈዛዛ ቀለም ይመጣል። የእኛ ግምት የሆነው ደግሞ በጠመኔ እንደተሣለ ነጭ መስመር ብቻ ይሆናል፤ ቀለም አይቀባም። እያንዳንዱን ነገር ሲነኩት «ማን አለ?» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ከየት እንደሰማነው ወይም እንዳነበብነው እዚያ አለ። ጣሪያውም ከእንግዲህ በራሱ አይቀመጥም። ጎብኚው በጣቱ ይስበዋል። ሲስበው ይመጣል፣ ሲለቀው ይመለሳል፤ ስብራቱ ይታያል። ስብራቱን ሲነኩት የመሬት መንቀጥቀጡና የቦምቡ ነገር ይነገራል። ድምፁ የጋሼ ነው።

ሥራውን ያዘዙን ሰዎች መጀመሪያ አልወደዱትም። «የበፊቱ ያንጸባርቅ ነበር» አሉን። እውነት ነው፣ ያንጸባርቅ ነበር። ሁለቱንም ይዘን ሄደን በሌሎች ተማሪዎች ላይ አብረን ሞከርናቸው። በአሮጌው ልጆቹ «ዋው» ብለው ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። በአዲሱ ግን ቆሙ። ጠየቁ። ያዘዙን ሰዎች ቆመው አዩ፤ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩንም።

አንዳንድ አስጎብኚዎች አፑ እንጀራችንን ይወስዳል ብለው ሰግተው ነበር። ስጋታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ያየሁትን ልናገር። ያን ቀን ጋሼ ባይኖሩ ኖሮ ልጆቹ የተበላሸ አፕ አይተው ነበር የሚሄዱት።

አሁን የያዝነው ሥራም የመጣው ከእሳቸው ነው። አዲሱን ካዩ በኋላ «ነገሥታቱን መለስሽ፤ ግንበኞቹንስ መቼ ታመጫቸዋለሽ?» አሉኝ። ያን ሁሉ ድንጋይ ያነጹት እነማን ናቸው ማለታቸው ነው። በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ብዙ ሰው ጎንደር አጠገብ ያለችውን መንደራቸውን ወለቃን በሸክላ ሥራ ብቻ ነው የሚያውቃት። አፑን ከፍቶ ከግድግዳው ሥር የሚቆም ሰው እነሱንም እንዲያገኝ እየሠራን ነው። ድንጋይ የሚጠርብ፣ ኖራ የሚያቦካ፣ ተሸክሞ የሚወጣ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ሰው ጨረስኩ። መዶሻውንና ክንዱን ሣልኩ። ፊቱን በነጭ መስመር ተውኩት።